ዘር ነው ወይስ አስተዳደግ?

 

ይህ ንግግር በራዲዮ የተነገረ ነው። አሁን ደግሞ በወረቀት ላይ ሰፍሮ ከእጃችሁ ገብቷል። በጆሮ የሰሙት ነገር ያመልጣል፤ በዓይን ያነበቡትን ግን ካልገባ ተመልሶ ማንበብ ይቻላል። ስለዚህ አትቸኩሉ። ከባድ ቃል ሲገጥማችሁ ጣታችሁን ከቃሉ ላይ አድርጉና ደግማችሁ አንብቡት።

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ ዓይነት መጽሐፍ ነው። የቤተሰብ ምስጢር ስላለበት፣ የአንባቢውን ልብ አንጠልጥሎ ስለሚይዝ መጽሐፍ። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ብዙውን ጊዜ አንድ ትልቅ ጥያቄ ያነሣል። ሰውን ሰው የሚያደርገው ምንድን ነው? ዘሩ ነው ወይስ አስተዳደጉ?

እስቲ ከምታውቋቸው ሁለት ተረቶች እንጀምር። አንደኛው «ዘር ከልጓም ይስባል» ይላል። ልጓም ማለት በፈረስ አፍ የሚገባው ብረት ነው፤ ፈረሱን ወደፈለግነው ይመልሰዋል። ተረቱ ግን የዘር ጉልበት ከልጓምም ይበልጣል ነው የሚለው። ሰው የትም ቢኖር ወገኑ ይስበዋል ማለት ነው።

ሁለተኛው ተረት፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ «ከአህያ የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ መጣች» ይላል። ጊደሯ የላም ልጅ ነች። የአህያ ዘር የለባትም። ነገር ግን ከአህያ ጋር ስለዋለች የአህያን ጠባይ ይዛ መጣች። እዚህ ላይ ያሸነፈው ዘር አይደለም፤ ውሎ ነው።

ታዲያ የትኛው ተረት ነው እውነቱ? አባቶቻችን ሁለቱንም ትተውልን ሄደዋል። አንዱን አንስተው ሌላውን አልጣሉም። ይህን ጥያቄ ይዘን ወደ መጽሐፉ እንግባ።

ልብ ወለድ የሚባለው የመጽሐፍ ዓይነት አለ። ቃሉ ራሱ ትርጉሙን ይናገራል፤ ከልብ የተወለደ፣ ደራሲው በሐሳቡ የፈጠረው ታሪክ ማለት ነው። በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ የታተመው በ1900 ዓ.ም. ሮም ከተማ ላይ ነው። ደራሲው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ይባላሉ። መጽሐፉም «ልብ ወለድ ታሪክ» ይባላል፤ ብዙ ሰው ግን «ጦቢያ» ብሎ ያውቀዋል።

ጦቢያ የልጅቷ ስም ነው። ዋሕድ የሚባል መንትያ ወንድም አላት። ወንድሟ ርቆ ሄዶ ሲጠፋ፣ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ፍለጋ ትወጣለች። ያገኛት ሁሉ ወንድ ልጅ ትመስለዋለች። ሴት መሆኗን የሚያውቁት አባቷና አንባቢው ናቸው። እንግዲህ አስቡት፤ በየገጹ «አሁን ታወቀባት! አሁን ተያዘች!» እያልን እናነባለን። የመጀመሪያው ልብ ወለዳችን የቆመው በአንድ ቤተሰብ ምስጢር ላይ ነው ማለት ነው።

ልብን የሚያንጠለጥል ታሪክ እንዴት ይሠራል? ነገሩ እንግዳ አይደለም። ማታ እሳት ዳር ተረት ያወሩልን እናቶቻችን ያውቁበታል። ተረቱ ሊያልቅ ሲል «ቆይ ይህችን ቡና ላውርድ» ብለው ብድግ ይላሉ። ልጆቹ ግን እንቅልፋቸው ጠፍቶ «ከዚያስ? ከዚያስ?» ይላሉ። ልብ ተንጠለጠለ ማለት ይህ ነው።

ደራሲውም ሦስት ነገሮችን ይጠቀማል። የመጀመሪያው ምስጢር ነው። አንዱ የሚያውቀውን ሌላው አያውቅም። ሁለተኛው ፍንጭ ነው። ፍንጭ ማለት ትንሽ ምልክት ነው፤ የተቀደደ ደብዳቤ፣ የማይነሣ ስም፣ ሲጠየቁ ወሬ የሚለውጡ አክስት። ሦስተኛው ማዘግየት ነው። ደራሲው መልሱን ያውቃል፤ ነገር ግን ቶሎ አይነግረንም።

ለመሆኑ ደራሲዎች የቤተሰብን ምስጢር ለምን ይወዱታል? ምስጢር የሌለበት ቤት ስለማይገኝ ነው። በእኛም አገር ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌዎች «የማን ልጅ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። እስከ ሰባት ቤት ድረስ ዘር ይቆጥራሉ። እንዲህ በሚቆጠርበት አገር አንድ የተደበቀ ልደት፣ አንድ የተለወጠ የአባት ስም፣ አንድ የተሸሸገ በሽታ ትልቅ ነገር ይሆናል። ምስጢሩ የወጣ ዕለት ጋብቻ ይፈርሳል፤ ርስት ይወሰዳል፤ ወዳጅ ጠላት ይሆናል።

እንዲህ ያለውን ታሪክ ለማግኘት ግን ሩቅ መሄድ የለብንም። በእውነት የተፈጸመ፣ ከማንኛውም ልብ ወለድ የማያንስ ታሪክ በሰሜን ሸዋ አለ። በደብረ ብርሃንና በአንኮበር ዙሪያ ነው የሆነው። እሱን እየተረክን የዚህን ዓይነት መጽሐፍ አሠራር እንመልከት።

አንኮበር ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ በደጋው ጫፍ ላይ ናት። ከኮረብታዋ ላይ ቆሞ ወደ ታች ያየ ሰው ቆላው እስከ አፋር ድረስ ተዘርግቶ ይታየዋል። ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ሸዋን የገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዋና ከተማቸው አንኮበር ነበረች። ነገር ግን በአንድ ቦታ ብቻ አይቀመጡም ነበር፤ ደብረ ብርሃንና አንጎለላም ግቢ ነበራቸው። የአንጎለላ ስም ዛሬ አንጎለላና ጠራ በሚባለው ወረዳ ይገኛል።

በዚያች አንጎለላ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. አንድ ወንድ ልጅ ተወለደ። አባቱ የንጉሡ ልጅ ኃይለ መለኮት ናቸው። እናቱ ወይዘሮ እጅጋየሁ ይባላሉ። እዚህ ላይ ምስጢሩ ይጀምራል። እጅጋየሁ የመሳፍንት ልጅ አልነበሩም። በንጉሡ ቤት ያገለግሉ ነበር። ልጁ ሲፀነስም ከኃይለ መለኮት ጋር በወግ የተጋቡ አልነበሩም።

ነገሩን አስቡት። የንጉሥ ልጅና አገልጋይ! በዚያ ዘመን በግቢው ውስጥ ስንት ሹክሹክታ ነበር? እጅጋየሁ ገና ከመፀነሳቸው በፊት ፀሐይ ከሆዳቸው ስትወጣ በሕልማቸው አይተው ነበር ይባላል። ስለ ልጁ ስም የሚነገረውም ብዙ ነው። አንዱ ትረካ አያቱ ሣህለ ሥላሴ ስለ ልደቱ በሰሙ ጊዜ «ምን ይልህ ሸዋ» ብለው ስም አወጡለት ይላል። ሸዋ ስለዚህ ነገር ምን ይል ይሆን ማለት ነው። ይኸው ስም ኋላ ምኒልክ ሆነ ይላሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። «ይባላል» የሚለውን ቃል ተጠቅሜአለሁ። ይህች ቃል ለአንባቢ ትልቅ መሣሪያ ናት። ልጁ በአንጎለላ መወለዱ፣ አባትና እናቱ እነማን እንደሆኑ የታወቀ ነው። ሕልሙና የስሙ ትረካ ግን ሰው ለሰው ሲያወራው የመጣ ነው። ስታነቡ «ይህ የታወቀ ነው ወይስ የሚባል ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ጎበዝ አንባቢ ሁለቱን አይቀላቅልም።

ልጁ ሦስት ዓመት ሲሆነው አያቱ ሣህለ ሥላሴ ዐረፉ። አባቱ ኃይለ መለኮት ነገሡ። እንግዲህ የአገልጋይዋ ልጅ የንጉሥ ልጅ ሆነ። ነገር ግን ደስታው ብዙ አልቆየም። በ1847 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ነገሡ። በሚቀጥለው ዓመት ጦራቸውን ይዘው ወደ ሸዋ ዘመቱ። ጦርነቱ ሳያልቅ ኃይለ መለኮት ኅዳር 1848 ዓ.ም. ታመው ሞቱ። የሸዋ መኳንንት ልጁን ይዘው ሸሹ። በረከት በሚባል ቦታ ተዋጉ፤ ተሸነፉም። ምኒልክ በአሥራ አንድ ዓመቱ ተማረከ።

አፄ ቴዎድሮስ ልጁን ወደ መቅደላ ወሰዱት። መቅደላ በወሎ ምድር የሚገኝ አምባ ነው። ዙሪያው ገደል ነው። መግቢያው ጥቂት ነው። አምባው ምሽግም ነው፣ እስር ቤትም ነው።

አሁን የታሪኩ ቋጠሮ ጠበቀ። የሸዋ ንጉሥ ልጅ በአባቱ ጠላት ቤት ሊያድግ ነው። ምን ዓይነት ሰው ይወጣዋል? የአባቱ ልጅ ይሆናል ወይስ የአሳዳጊው? ያቺ ጊደር ናት ወይስ ልጓም የማይመልሰው ፈረስ?

አፄ ቴዎድሮስ ልጁን በሰንሰለት አላሰሩትም። ከራሳቸው ልጆች ጋር አሳደጉት። እንዲማር አደረጉ። ሲጎለምስ የደጃዝማችነት ማዕረግ ሰጡት። በመጨረሻም ልጃቸውን አልጣሽን ዳሩለት። እስረኛው አማች ሆነ!

ስለ ቴዎድሮስም አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። እሳቸውም በልደታቸው የተሰደቡ ሰው ነበሩ። ጠላቶቻቸው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ያንቋሽሿቸው ነበር። እናታቸው በችግር ጊዜ ኮሶ ሸጡ ለማለት ነው። ካሣ ተብለው ከቋራ ተነሥተው በጉልበታቸውና በብልሃታቸው ነገሡ። ስለዚህ በመቅደላ አምባ ላይ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ የኮሶ ሻጭ ልጅ የተባለ ንጉሠ ነገሥት፤ ሌላው የአገልጋይ ልጅ የሆነ ምርኮኛ። ሁለቱም በእናታቸው ምክንያት የሰው ምላስ የነካቸው ናቸው። ቴዎድሮስ ለልጁ ለምን እንደራሩ በልባቸው ገብቶ ያየ የለም። አንባቢ ግን ይህን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማሰብ ይችላል።

እንዲህ ሆኖ አሥር ዓመት ያህል አለፈ። ምኒልክ ሃያ ዓመት ሞላው። ሚስት አለው። ማዕረግ አለው። የሚወደው አሳዳጊ አለው። ነገር ግን ሸዋ የአባቱ አገር ነው። ዘር ከልጓም ይስባል እንዳልነው፣ የሸዋ ሰዎችም በምስጢር ይመክሩ ነበር። እናቱ እጅጋየሁም አብረውት ነበሩ።

ሰኔ 1857 ዓ.ም. በአንድ ሌሊት ምኒልክ ከመቅደላ አመለጠ። እናቱና ጥቂት የሸዋ ሰዎች አብረውት ነበሩ። ሚስቱን አልጣሽን ግን ትቷት ሄደ። ይህን ዓረፍተ ነገር ቶሎ አትለፉት። ነፃ ለመውጣት የከፈለው ዋጋ አለ። የከፈለውም እሱ ብቻ አይደለም፤ የቀረችውም ሴት ከፍላለች።

ማምለጥ ሲባል ግን ገና መጀመሩ ነው። ከመቅደላ ወደ ሸዋ ለመግባት የወሎን ምድር ማቋረጥ ግድ ነው። ያንን ምድር የያዙት ወይዘሮ ወርቂት የሚባሉ የወሎ ባላባት ነበሩ። የወርቂት ልጅ ደግሞ በመቅደላ ላይ የቴዎድሮስ እስረኛ ነው!

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ቡናውን እናውርድ። ራሳችሁን በወርቂት ቦታ አድርጉት። ልጃችሁ በጠላት እጅ ነው። ያ ጠላት አጥብቆ የሚፈልገው ሰው ደግሞ በሌሊት ከደጃችሁ መጥቷል። ይዛችሁ ብትመልሱት ልጃችሁን በምትኩ ልታገኙ ትችላላችሁ። ብታሳልፉት ልጃችሁ ይሞታል። ምን ታደርጋላችሁ? የሌላዋን እናት ልጅ ሰጥታችሁ የራሳችሁን ልጅ ታተርፋላችሁ?

ወርቂትም አመነቱ። ምኒልክን ለልጃቸው መለወጫ ሊያደርጉት አስበው ነበር። ልብ የተንጠለጠለው እዚህ ላይ ነው። ይህን ሌሊት ደራሲ ቢፈጥረው «አጋነነ» ባልነው ነበር። ነገር ግን የሆነ ነገር ነው። ወርቂት ሳይወስኑ መርዶ መጣ። አፄ ቴዎድሮስ ምኒልክ ማምለጡን ባወቁ ጊዜ በቁጣ የወሎ እስረኞችን አስገድለዋል። የወርቂትም ልጅ ከሞቱት አንዱ ነበር። ከዚህ በኋላ ወርቂት ምኒልክን መንገድ ሰጥተው አሳለፉት።

በዚያ ሌሊት ሁለት እናቶች ነበሩ። እጅጋየሁ ልጃቸውን ይዘው ወደ አገራቸው ገቡ። ወርቂት ልጃቸውን አጡ። የንጉሥ ታሪክ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ሁለተኛዋ እናት ነው። ጥሩ ልብ ወለድ ግን እንዲህ ያለውን ሰው አይረሳም። እናንተም ስታነቡ «በዚህ ታሪክ ውስጥ ዋጋ የከፈለው ማነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ምኒልክ ሸዋ ሲደርስ ሌላ ሰው አገሩን ይዞ አገኘው። በዛብህ ይባላል። ከዚያ በፊት በቴዎድሮስ ተሹሞ የነበረ፣ ኋላ ግን ራሱን ያነገሠ ሰው ነው። በዛብህ ጦር አሰልፎ ሊመክት ሞከረ። ወታደሩ ግን የቀድሞው ንጉሥ ልጅ መጣ ሲባል ልቡ ወደ ምኒልክ አደላ። በዚያው ክረምት፣ ነሐሴ 1857 ዓ.ም. ምኒልክ አንኮበር ገቡ። የሸዋ ንጉሥ ሆኑ። እኔም እስካሁን «አንተ» ስለው የነበረውን ልጅ ከዚህ በኋላ «አንቱ» እላለሁ፤ ነግሠዋልና።

ታዲያ መልሱ ተገኘ? «አያችሁ፣ ዘር አሸነፈ! ደሙ ጎትቶ አመጣው» የሚል ሰው ይኖራል። እስቲ አትቸኩሉ። ገና አንድ ገጽ ይቀራል።

አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ተዋግተው ራሳቸውን ገደሉ። በሸዋ ስንቱ ሰው በቴዎድሮስ እጅ የተጎዳ ነበርና የደስታ በዓል ተደረገ። ንጉሥ ምኒልክም በአደባባይ ከሕዝቡ ጋር ሆኑ። ነገር ግን ኋላ ለአንድ የውጭ አገር ሰው የልባቸውን ገልጸው ነበር ይባላል። ያሳደጓቸውንና ያስተማሯቸውን ሰው ማጣታቸው እንዳሳዘናቸው፣ ለቴዎድሮስ የልጅ ፍቅር እንደነበራቸው ተናገሩ ይባላል።

ይህም በታሪኩ ውስጥ የተደበቀው ሌላው ምስጢር ነው። የመጀመሪያው ምስጢር «ማን ወለደው?» የሚል ነበር። ሁለተኛው «ማንን ይወዳል?» የሚል ነው። አባታቸውን ከሸዋ ዙፋን ለማውረድ የዘመተውን ሰው እንደ አባት ወደዱ። ደግሞም ጥለውት ሸሹ። ሁለቱም በአንድ ልብ ውስጥ ነበሩ። ዘርም ሳበ፤ ውሎም አስተማረ። አባቶቻችን ሁለቱንም ተረት የተዉልን ለዚህ ይሆናል።

ሳይንስስ ምን ይላል? ነገሩን በገብስ እንየው። ገብስ ከተዘራ ጤፍ አይበቅልም። ይህ የዘር ሥራ ነው። ነገር ግን ከአንድ ጎተራ የወጣውን የገብስ ዘር ግማሹን ፍግ በጠገበ ጓሮ፣ ግማሹን አፈሩ በታጠበ ተዳፋት ላይ ዝሩት። አንዱ ወገብ ይደርሳል፤ ሌላው ከጉልበት አያልፍም። በደብረ ብርሃን ሜዳ ውርጭ የመታውም ፍሬ ሳይዝ ይቀራል። ዘሩ አንድ ነው፤ ያደረሰው ግን መሬቱ፣ አየሩና የገበሬው እጅ ነው።

ሊቃውንትም ይህን በሰው ላይ ለማየት መንትዮችን አጥንተዋል። ከአንድ እንቁላል ተከፍለው የተወለዱ መንትዮች ዘራቸው አንድ ዓይነት ነው። በአሜሪካ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕፃንነታቸው ተለያይተው በየቤቱ ያደጉ መንትዮች ተጠንተዋል። በብዙ ጠባያቸው ሲመሳሰሉ ተገኙ። ነገር ግን አንድ ሰው አልሆኑም፤ የሚለያዩበትም ነገር ብዙ ነበር። ዘርም አስተዳደግም ሥራ አላቸው ማለት ነው።

ይህ ጉዳይ የመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ከቤታችን ይገባል። ዝሆኔ የሚባለውን የእግር እብጠት ታውቃላችሁ። በብዙ ቦታ «የዘር በሽታ ነው» ይባላል። በዚህ ምክንያት ቤተሰብ ሕመምተኛውን ከእንግዳ ይደብቀዋል። የእህቱ ጋብቻ ይፈርሳል። በደጋ አገር የሚታየው አንዱ የዝሆኔ ዓይነት የሚመጣው ግን በባዶ እግር ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት ከመሄድ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ በወላይታ የተደረገ ጥናት ደግሞ አንዳንድ ሰዎች በውርሻ ለዚህ ሕመም ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይቷል። እንግዲህ ዘርም አለበት። ነገር ግን ዘሩ ያለበት ሰው ከልጅነቱ ጫማ ቢያደርግና እግሩን ቢታጠብ ሕመሙን መከላከል ይችላል። ዘሩን መለወጥ አንችልም፤ ጫማ ማድረግ ግን እንችላለን። ይህን የሚያውቅ ቤተሰብ የሚደብቀው ነገር የለውም።

አሁን ወደ አንጎለላው ልጅ ልመለስና ታሪኩን ልቋጭ። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆነው ዘውድ ጫኑ። በ1900 ዓ.ም. አንድ አዋጅ አወጡ። በአገራችን በእጁ ሠርቶ የሚያድር ሰው ይናቅ ነበር። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ በዘራቸው ይሰደቡ ነበር። «ቡዳ ናቸው» እየተባለ ከጋብቻ ይገለሉ ነበር። አዋጁ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከለከለ። ሁላችንም የአዳምና የሔዋን ልጆች ነን የሚል ምክንያት አቀረበ።

ያን አዋጅ ሲያወጡ የእናታቸውን ነገር አስበው ይሆን? ይህን የሚነግረን ወረቀት የለም። ነገር ግን ልብ ወለድ የሚያነብ ሰው እንዲህ ያለውን ጥያቄ መጠየቅ ይማራል። በእናቱ ምክንያት የተንሾካሾኩበት ልጅ፣ ሲያረጅ፣ ሰው በዘሩ አይሰደብ አለ። አንድ አዋጅ ብቻውን ልማድን አያጠፋም፤ ስድቡ ከአዋጁም በኋላ ብዙ ዘመን ቆየ። ቃሉ ግን ተነገረ።

ይህንንም ልብ በሉ። ያ ዓመት 1900 የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የታተመበት ዓመት ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ አዋጁ ሰውን በዘሩ አትናቁ አለ፤ መጽሐፉ ደግሞ ሰውን በልብሱ አይታችሁ አወቅነው አትበሉ አለ።

ስለዚህ ዘር ነው ወይስ አስተዳደግ ለሚለው ጥያቄ የእኔ መልስ ይህ ነው። ዘር ይሰጣል። አስተዳደግም ይሰጣል። በተሰጠው ነገር ምን እንደሚያደርግበት የሚወስነው ግን ሰውዬው ራሱ ነው። ምኒልክ ደማቸውን አልመረጡም። መቅደላንም አልመረጡም። በዚያች ሌሊት ከአምባው የመውረዱን ነገር ግን መረጡ። ወይዘሮ ወርቂትም የልጃቸው መርዶ ሲደርሳቸው ብድራቸውን በሰው ልጅ ላይ ሊወጡ ይችሉ ነበር። አላደረጉትም።

የቤተሰብ ምስጢር ያለበትን መጽሐፍ ስታነቡ እንግዲህ እንዲህ አድርጉ። የሰዎቹን ስም በወረቀት ላይ ጻፉ። ማን የማን ልጅ እንደሆነ መስመር አስምሩ። ፍንጭ ስታገኙ ከገጹ ላይ ምልክት አድርጉ። ወደ መጨረሻው ገጽ ዘላችሁ አትሂዱ፤ ቡናው ሳይፈላ እንደመቅዳት ነው። ምስጢሩ ሲወጣም «አወቅሁት» ብላችሁ መጽሐፉን አትዝጉት። «ይህ ምስጢር ለምን ተደበቀ? ማንን ጎዳ?» ብላችሁ አስቡ።

በመጨረሻም ስለ ራሳችሁ አንድ ቃል ልናገር። ከእናንተ መካከል «በእኛ ዘር የተማረ የለም፤ ፊደል ለእኛ አልተፈጠረም» ሲባል ሰምታችሁ ያደጋችሁ ትኖራላችሁ። ምናልባት ራሳችሁም ብላችሁት ይሆናል። እንግዲህ ይኸው! እዚህ ድረስ አንብባችኋል። ፊደል በደም አይወረስም። የቄስ ልጅም፣ የንጉሥ ልጅም፣ የሸማኔ ልጅም ሀሁን የሚጀምረው ከ«ሀ» ነው። አባቶቻችሁ ያላነበቡት አእምሮ ስላነሳቸው አይደለም፤ የሚያስተምራቸው ስላላገኙ ነው። መሬቱ ነው የጎደለው እንጂ ዘሩ አልጎደለም።

ቀጥለው ያሉትን ጥያቄዎች ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ተወያዩባቸው።

በወይዘሮ ወርቂት ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ለምን?

በዚህ ንግግር ውስጥ «የታወቀ ነው» የተባለውና «ይባላል» የተባለው የትኛው የትኛው ነው? ከየገጹ ፈልጋችሁ ለዩ።

በአካባቢያችሁ «በዘር ነው» እየተባለ የሚደበቅ ነገር አለ? ነገሩ በእርግጥ የዘር ብቻ ነው ወይስ እንደ ጫማው ሁሉ ልንለውጠው የምንችለው ነገር አለበት?

የሦስተኛውን ጥያቄ መልስ በራሳችሁ እጅ፣ በአምስት ወይም በስድስት መስመር ጻፉት። የጻፋችሁትንም ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ለልጆቻችሁ አንብቡላቸው።

ደህና ሁኑ።